ፈረሙ ወይ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን በዚህ ዓምድ አንድ አንባቢ «ገዳይ ይገደል» ብለው ጽፈዋል። የሞት ፍርድ እየተፈረደ ለምን አይፈጸምም ይላሉ። እድሜ ልክ እስራትን ደግሞ ለነፍሰ ገዳይ ቀለብ መስፈር ነው ብለውታል። ንዴታቸው ይገባኛል። ልጅ የተገደለባት እናት ፊት ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ። ግን እዚያ ቆሜ ያየሁት እሳቸው ከጻፉት ይለያል። ፈቃዳችሁ ከሆነ አውጡልኝ።

እኔ የችሎት ጸሐፊ ነበርኩ። ከ1980 እስከ 2014 ዓ.ም.፣ 34 ዓመት። ስጀምር በጽሕፈት መኪና ነበር፤ በየወረቀቱ መሃል ካርቦን እያስገባሁ። ጡረታ ስወጣ በኮምፒውተር ሆኗል። የሠራሁባቸውን ፍርድ ቤቶች ስም አልጠራም። አሁን የምኖረው እዚሁ ሐዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ሥር ነው።

ከባድ የሰው ግድያ በ1949ኙ ሕግ አንቀጽ 522 ነበር። አዲሱ የወንጀል ሕግ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል 539 ሆነ። ቁጥሩ ተቀየረ እንጂ ቅጣቱ ያው ነው፤ ወይ እድሜ ልክ ወይ ሞት። ዳኞቹ ማክበጃውንና ማቅለያውን መዝነው አንዱን ይመርጣሉ። እኔ እጽፋለሁ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የምትመጣ አንዲት መስመር አለች። «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።» ጣቶቼ ሳላያቸው ይጽፏት ነበር።

በእጄ የጻፍኳቸው የሞት ፍርዶች ብዙ አይደሉም። ሁሉንም አስታውሳቸዋለሁ። የአንዱን ልንገራችሁ።

ልጁ 22 ዓመቱ ነበር። የሰው ባጃጅ እየነዳ ማታ ማታ ገቢ ያስገባል። በ2001 ዓ.ም. አንድ ምሽት ሁለት ወጣቶች በኮንትራት ያዙት። ከከተማ ወጣ ሲሉ በፌሮ ጭንቅላቱን መቱት። ባጃጁ ታርጋው ተፈቶ ሻሸመኔ ተገኘ። ልጁን ያገኙት በማግስቱ ጠዋት ከብት የሚነዱ ልጆች ናቸው።

ሁለቱም ተያዙ። ሁለቱም መታሁ አላሉም። አንዱ በሌላው አሳበበ። ምስክር የነበረው የአንድ ጅምር ሕንፃ ጥበቃ ብቻ ነው። ራቅ ብሎ፣ በመንገድ መብራት አይቷል። ዳኛው «የመታው የትኛው ነው?» አሉት። «ረጅሙ» አለ። ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ረጅሙ 1ኛ ተከሳሽ ነበር። በ2002 ፍርዱ ሲነበብ ረጅሙ ሞት ተፈረደበት፤ አጭሩ እድሜ ልክ። ሌላ ማስረጃ ሁሉ ለሁለቱም እኩል ነበር። ልዩነቱ ያቺ አንዲት ቃል ናት። ይግባኙም አልቀየረውም።

የሟች እናት የዚያን ቀን አላለቀሱም። ከሐዋሳ ወጣ ካለች ቀበሌ ናቸው፤ ቆጮና ቡላ ይሸጣሉ። አማርኛቸው የሲዳምኛ ዜማ አለው። ችሎቱ ሲበተን ወደ ጠረጴዛዬ መጡና «ልጄ፣ መቼ ነው?» አሉኝ። ምን እንደሚጠይቁ ስለገባኝ ክው አልኩ። «እማማ፣ ርዕሰ ብሔሩ ካላጸደቁት አይፈጸምም» አልኳቸው። ሕጉ እንደዚያ ነው። በአደባባይ መስቀልንም ይከለክላል። እሳቸው ይዘው የሄዱት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። የሚፈርም ሰው አለ።

በዓመቱ መጡ። «ፈረሙ ወይ?»

«አልሰማሁም እማማ።»

በሚቀጥለውም ዓመት መጡ። የገበያ ቀን እየጠበቁ፣ ቆጮውን ሸጠው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው። ጥበቃዎቹ ለምደዋቸው ነበር። ከ2003 እስከ ጡረታ እስክወጣ ጥያቄያቸው ያው ነው። ፈረሙ ወይ? እኔ ደግሞ በየዓመቱ ያንኑ መልስ እሰጣለሁ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሥራ አይያዝልኝም ነበር።

ጽሑፉን የላኩት አንባቢ ይህን እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። በአገራችን የሞት ፍርድ ማለት በተግባር ይሄ ነው። ለሟች ቤተሰብ አንድ ነገር ቃል ይገባል፤ ከዚያ ቀጠሮ የለውም። ሻለቃ ፀሐይ ወልደሥላሴ ሐምሌ 30 ቀን 1999 በፍርድ ከተገደለ ወዲህ የተፈረደ ሞት ተፈጸመ ሲባል አልሰማንም። ፍርዱ ግን እስከ ዛሬ ይሰጣል። እናትየዋን ያደከማቸው ልጃቸውን መቅበር ብቻ አይደለም። ያልመጣ ፊርማ መጠበቅም ነው። ሐዘናቸው ላይ ቁጭ ብሎ የሚነሳ አልሆነም።

እንግዲያው ይፈጸም ትሉኝ ይሆናል። አንባቢውም የሚሉት ይህንኑ ነው።

ያ ሐምሌ ከአእምሮዬ አይወጣም። ቢሮ ሬዲዮ ነበረን። ሐምሌ 9 ቀን የተቃዋሚው ፓርቲ የቅንጅት መሪዎች እድሜ ልክ ተፈረደባቸው ተባለ። ዐቃቤ ሕግ የጠየቀው ሞት ነበር። በቀናት ውስጥ በይቅርታ ወጡ። ሐምሌ 18 ቀን ደግሞ ሩዋንዳ የሞት ቅጣትን ከሕጓ ሰረዘች። በ1986 በመቶ ቀን ውስጥ ያ ሁሉ ሕዝብ ያለቀባት ሩዋንዳ! ከእሷ በላይ ገዳይ ይገደል ለማለት ምክንያት ያለው አገር ማን አለ? ሐምሌ 30 የሻለቃው ዜና መጣ። የደኅንነት ኃላፊውን ክንፈ ገብረመድኅንን በ1993 ገድሏል ተብሎ የተፈረደበት ነው። ሁሉም በአንድ ወር ውስጥ።

ያኔ እድሜ ልክ ከተፈረደባቸው አንዷ ብርቱካን ሚደቅሳ ናቸው። በ2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። ሌላው ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ናቸው። በ2002 ደግሞ በሌሉበት ሞት ተፈረደባቸው፤ በ2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። እኚህን ሰዎች ማን ይደግፋል ማን አይደግፍም የሚለው የእኔ ጉዳይ አይደለም። እኔ የማስበው ወረቀቱን ነው። የእኛ አገር መንግሥት ይቀየራል። ትናንት ወንጀለኛ የተባለ ዛሬ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሞት ሲፈጸም ግን ለማስተካከያ የሚሆን ወረቀት የለም። እኔ 34 ዓመት ስህተት ሳርም ኖሬያለሁ። ቀን ተሳስቶ፣ ስም ተሳስቶ፣ ዳኛው በቀይ እስክርቢቶ አክብበው ሲመልሱልኝ።

ሞት ያስፈራል፣ ሌላውን ያስተምራል የሚለውንም ሰምቻለሁ። የባጃጁን መዝገብ ላነሳ ነው። ልጆቹ በሰጡት ቃል ያን ቀን ሲመካከሩ የዋሉት ባጃጁን ማን እንደሚገዛቸው ነው። አንቀጽ 539ን ያሰበ አልነበረም። እንያዛለን ብሎ ያሰበም አልነበረም። ከጻፍኳቸው የግድያ መዝገቦች አብዛኛው እንዲህ ነው፤ ወይ መጠጥ፣ ወይ ድንበር፣ ወይ በአንድ ሌሊት የሚገኝ ገንዘብ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

በ2011 የአጭሩ ልጅ እናት ሞተች። እሱ ማረሚያ ቤት ሆኖ አልቀበራትም። ከዚያ በኋላ ወደ ሟች ቤተሰብ ሽማግሌ ላከ። በሲዳማ ባህል ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሲቀመጡ አፊኒ የሚባል ነገር አለ። ሰማችሁ ወይ እንደ ማለት ነው። የሆነው ነገር ሳይደበቅ ይወጣል፤ እውነቱን፣ ሀላሌ የሚሉትን፣ ሁሉም ይሰማል። ካሳውም ዕርቁም ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ በሽማግሌዎቹ በኩል የላከው ቃል እንዲህ ነበር። የመታሁት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ይዞት ነበር። ልጁ ሲወድቅ «ውሃ» ብሎ ለመነን። አልሰጠነውም።

የሟች እናት ይህን ከሽማግሌዎቹ አፍ ሰሙ። በማግስቱ ቢሮዬ መጡ። የዚያን ቀን ብቻ «ፈረሙ ወይ» አላሉኝም። ወንበር ሰጠኋቸው። «ልጄ ውሃ ብሎ ነበር» አሉኝ። ያኔ ነው ሲያለቅሱ ያየኋቸው። ከገዳዮቹ በቀር ማንም የማያውቃትን ያችን ቃል አሥር ዓመት ቆይተው ሰሟት። ያ ልጅ ተሰቅሎ ወይም ተረሽኖ ቢሆን ማን ይነግራቸው ነበር?

ደግሞ አስቡት። ሞት የተፈረደበት ረጅሙ ነው። አጭሩ እውነቱን ከሆነ ጥበቃው በጨለማ ተሳስቷል። እኔም የጻፍኩት የተሳሳተ ቃል ነው። ረጅሙ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። ይዞታል፤ ውሃም ነስቷል። ግን ሕግ ሞትንና ሕይወትን የለየው በ«ረጅሙ» ነበር። አጭሩ ዋሽቶም ሊሆን ይችላል። ወንዝ ለወንዝ ሲዋኝ ያደገ ጓደኛውን ሊያድን ብሎ ይሆናል። በእኛ ደረጃ የሚታወቅ አይደለም። ሊታወቅ የሚችለው ግን ሁለቱም በሕይወት ስላሉ ነው። ሽማግሌዎቹ የሰሙትን ጽፈው ከረጅሙ የይቅርታ ማመልከቻ ጋር አያይዘዋል። መልስ አልመጣም።

እድሜ ልክ ላይ የሚነሳውን ስጋት አልንቀውም። እኔም እጋራዋለሁ። ሰዉ «እድሜ ልክ ብለው ለዓመት በዓል ይፈቱታል» ይላል። ሕጉም እድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ በአመክሮ ሊፈታ እንደሚችል ይናገራል፤ አንቀጽ 202 ነው። የደርግ ባለሥልጣናትን አስታውሱ። በጥር 1999 እድሜ ልክ ተፈረደባቸው። በግንቦት 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወደ ሞት ቀየረው። በ2003 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ ወደ እድሜ ልክ መለሱት። በመስከረም 2004 ብዙዎቹ 20 ዓመት ሞልቷቸው ወጡ። ወረቀት ለምናገላብጥ ለእኛ ይህ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ነው። ልጁ በቀይ ሽብር ለሞተበት ወላጅ ግን አራት ጊዜ ቁስል መነካካት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነው፤ እስራቱ እውነተኛ ይሁን። ሞት ከ539 ይውጣ፤ እድሜ ልክ ብቻ ይኑር። 20 ዓመት ሞላ ተብሎ በር ከመከፈቱ በፊት ግን የሟች ቤተሰብ ይጠራ። በሬዲዮ አይስማ። ከጎረቤት አይስማ። ገበያ መሃል ፊት ለፊት አይገጣጠም። ፍርደኛውም ያደረገውን በአፉ ይናገር። በበደለው ቤተሰብ ፊት። የሕግ አውጪዎቻችን የሲዳማ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር የሚያደርጉትን ቢያዩ የሚማሩት አለ። ምክር ቤት ሄጄ ይህን መናገር አልችልም፤ ለዚህ ነው ለእናንተ የምጽፈው።

ቀለብ መስፈር ነው ላሉት ደግሞ አንድ ነገር ልበል። አጭሩ ማረሚያ ቤት የእንጨት ሥራ ተምሯል። ሽማግሌዎቹ እንደነገሩን ረጅሙ ግን ምንም አይጀምርም። ዱካ ሲሰማ «ለእኔ ነው» ይላል። ከተፈረደበት 16 ዓመት ሊሆነው ነው። ይህ ቅጣት አይደለም ማለት አይቻልም። ግን ለእናትየው አንድም ነገር አልሰጣቸውም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም እማማ ይመጣሉ። አሁን ቤቴ ነው የሚመጡት። ቡላ ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ እኔ ቡና አፈላለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ይህን ደብዳቤ አነበብኩላቸው። ስለ ሩዋንዳና ስለ ሚኒስትሩ ያለው ብዙም አልገረማቸውም። ውሃ የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ። ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«2021 ላይ ሀያ ዓመት ይሞላዋል አላልሽም?»

«አዎ እማማ፣ አጭሩን።»

«እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ» አሉኝ። «እስከዚያ እኖር እንደሆን አላውቅም። ግን ሊፈቱት ሲሉ መጀመሪያ ለእኔ ይንገሩኝ። እኔ ከሌለሁ ለልጄ ለታናሽየዋ ይንገሯት። ቤታችን ይታወቃል።»

ጻፍኩላቸው።

ጡረተኛ የችሎት ጸሐፊ
ሐዋሳ
(ስሜንና አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ሰጥቻለሁ)