ኔትወርክ ሲደክም ስልኩን ከጆሮ አርቁት

ለአዘጋጁ፣

ስለ ሞባይል ጨረር ያወጣችሁትን አነበብኩ። ብዙ ሰው የሚፈራው የኔትወርክ ማማውን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጆሯችን ላይ የምንለጥፈው ስልክ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ኔትወርክ ይደክማል፣ ስልኩም ማማውን ለማግኘት ጉልበቱን ይጨምራል፣ ጨረሩም ይበረታል፣ እኛ ደግሞ ልክ ያኔ ነው አጥብቀን ይዘን «ሃሎ፣ ይሰማል?» የምንለው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2011 እ.ኤ.አ. ይህን ጨረር «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚባሉት መድቦታል። ተረጋግጧል ማለት አይደለም፤ መጠንቀቁ ግን ገንዘብ አያስወጣም። ስልኩን ከጆሮ ትንሽ ማራቅ እንኳ የሚደርስብንን ጨረር ብዙ ይቀንሳል። የደብረ ማርቆስና የቡሬ ትምህርት ቤቶች በሚኒ ሚዲያቸው ለልጆቻችን ይንገሩልን፦ ኔትወርክ ሲደክም ቴክስት ላኩ፣ ረጅም ወሬ ከሆነ በኢርፎን አውሩ፣ ስትተኙ ስልኩን ከትራስ ሥር አውጡት።