ዲናሞ ሳትገዛ

ሙሳ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? እናትህ፣ ልጆቹ፣ ሐረር እንዴት ናችሁ? እኛ ድሬ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ይህን ያህል ጠፍቼብህ ስመጣ ወሬዬ ስለ መኪና መሆኑ ያስቅህ ይሆናል። ግን ያቺ ፔጆ 404 መብራቷ እየደበዘዘ፣ ጠዋትም እየተገፋች እንደምትነሳና ዲናሞ (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላውን) ልትገዛላት እንዳሰብክ ሰማሁ። አቦ፣ ቆይ! መጀመሪያ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ተዋስና ለካ።

ከባትሪው ጀምር። መኪናዋ ቆማ ካደረች በኋላ፣ ሞተር ሳይነሳ፣ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ያህል ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ወርዷል። የወረደ ባትሪ ይዘህ ዲናሞው ላይ አትፍረድ፣ አስቀድመህ ቻርጅ አስደርገው። ዲናሞ ባዶ ባትሪ እንዲሞላ ሲገደድ ለረጅም ሰዓት በሙሉ አቅሙ እየሠራ ይግላል፣ ዳዮዶቹም (ኮረንቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት) የሚቃጠሉት ያኔ ነው። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ ውሃውን እይ፤ ከጎደለ የሚጨመረው ዲስትልድ ውሃ ብቻ ነው፣ አሲድ አይደለም።

ከዚያ ሞተሩን አስነሳና ነዳጅ ትንሽ ሰጥተህ ባትሪው ላይ ለካ። ከ13.8 እስከ 14.4 ጤነኛ ነው። የፊት መብራቱን አብራ፤ የደንገጎን ዳገት በማታ የምትወጣው እንደዚያው ነውና። ከ13.2 በታች ከወረደ ችግር አለ። ከ15 ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩን (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረውን) ጠርጥር።

አሮጌ መኪና ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ሽቦውን ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራት በርቶ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከዲናሞው ጀርባ ወፍራሙ ሽቦ የታሰረበት ብሎን ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ አድርግ። የገመዱ ማሰሪያ ላይ ሳይሆን ከባትሪው የወጣው እርሳስ ራሱ ላይ ይሁን፣ ብልሽቱ በሁለቱ መካከል ሊሆን ይችላል። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየህ ዲናሞው የሚያመርተው መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ማሳውንም (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰውን መስመር) እንዲሁ፦ አንዱን ጫፍ የዲናሞው አካል፣ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ፤ ከ0.2 ማለፍ የለበትም። ካለፈ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትተህ የማሳውን ኬብል ሁለቱንም ጫፍ አውጣ፣ ዝገቱንና ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ ፋቀው፣ አጥብቀህ መልስ። የሽቦውን ጫፍ ላስቲክ ትንሽ ገለጥ አድርገህ ተመልከት፤ መዳቡ አረንጓዴ ከሆነ ቆርጠህ አዲስ ጫፍ አስገባ።

ሬጉሌተሩ ለብቻው የመኪናዋ አካል ላይ የታሰረ ከሆነ የእሱንም ማሳ አጽዳ። ማሳው ሲደክም ቮልቱን ከእውነተኛው አሳንሶ ያነባል፣ ስለዚህ ዲናሞውን ያለ ልክ ያሠራውና ባትሪውን ያፈላዋል። የሌላ መኪና ዲናሞ ተገጥሞላት ሬጉሌተሩ ከውስጥ ከሆነ ደግሞ ቁልፍ ስትከፍት ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የባትሪ ምልክት አምፖል መብራቷን ማረጋገጥ አለብህ። በብዙዎቹ ላይ ዲናሞውን የሚቀሰቅሰው የመጀመሪያው ኮረንት በዚያች አምፖል በኩል ነው የሚያልፈው፤ አምፖሏ ከተቃጠለች ጤነኛ ዲናሞም ላይሞላ ይችላል።

ቺንጋውን (ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ) በፑሌዎቹ (ቺንጋው በሚዞርባቸው ጎማዎች) መካከል በአውራ ጣትህ ስትጫነው አንድ ሳንቲሜትር ያህል ቢገባ ልክ ነው። ከዚያ በላይ ብትወጥረው ኩሽኔታውን (የዲናሞው ዘንግ የሚዞርበትን) ትበላዋለህ። የፑሌው ቦይ ታችኛው ክፍል እንደ መስታወት ካበራ ቺንጋው አልቆ ወደ ታች ሰምጧል፤ መወጠር አያድነውም፣ ቀይረው።

ዳዮድ ለመፈተሽ ቴስተሩን ኤሲ (ተለዋዋጭ ኮረንት) ልኬት ላይ አድርገህ፣ ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ለካ፤ ከ0.5 ቮልት በላይ ከሆነ ጥርጣሬህ ልክ ነው። ሌላም ምልክት አለ፦ በሐረር ብርድ ጠዋት፣ ሞተር ሳታስነሳ፣ ዲናሞውን ዳስሰው። ለብ ካለ ሌሊቱን ባትሪህን ሲጠጣ ያደረው እሱ ነው። ይህን ሁሉ አልፎ ካልሞላ ካርቦኖቹን (ዲናሞው ውስጥ ኮረንት የሚያስተላልፉትን፣ እየተፋተጉ የሚያልቁትን) አስወጣ፤ ካጠሩ ካርቦን መቀየር ዲናሞ ከመግዛት በጣም ይረክሳል።

አንድ ነገር አደራ፦ «እንፈትሸው» ብሎ ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ የሚነቅል መካኒክ ካጋጠመህ እጁን ያዝ። ዳዮድ ካልነበረው ከድሮው ዲሲ ዲናሞ ዘመን የቀረ ልማድ ነው፤ ቮልቱ ድንገት ይዘልና ዳዮዱንና ሬጉሌተሩን ያቃጥላል።

ያገኘኸውን ቁጥር ጻፍልኝ፦ ቆማ፣ እየሠራች፣ መብራት በርቶ፣ እና ሁለቱን የሽቦ ልኬት። ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ ከድሬ