የአውቶቡሱ ካምቢዮ ጉዳይ

ይድረስ ለወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ማን ቀድሞ እንደጠፋ አንከራከር፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን። ይልቅ መልእክትህ አስቆኛል። ይህን ሁሉ ጊዜ ድምፅህን አጥፍተህ፣ ሰላምታውን እንኳን ሳትጨርስ «አውቶቡሱን ኦቶማቲክ አደረግከው አሉ፣ እውነት ነው?» ትለኛለህ። አዎ፣ እውነት ነው፤ ቤት አድርገን የምንዞርበትን አውቶቡስ የእጅ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) አውጥቼ ኦቶማቲክ አስገብቻለሁ። ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው። ስለዚህ ወደ ጉዳዩ።

ለምን ቀየርከው ላልከው፣ ለሰው ሁሉ የምናገረው የግራ ጉልበቴን ነው። ዋናው ምክንያት ግን ባለቤቴ ናት። ያን ድንጋይ የሆነ ፍሪሲዮን እየረገጠች፣ ማርሹን እየፈለገች መንዳት አልፈለገችም። አልፈርድባትም። ማርሽ መለወጫው ፊት፣ ካምቢዮው መጨረሻ ኋላ፤ በመሃል ያ ሁሉ ዘንግና መገጣጠሚያ አለ። ቤታችንን ጭነን እየዞርን ሹፌሩ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ እሱ ያመመው ቀን ቤቱም ቆመ ማለት ነው። አሁን እሷም ትነዳለች። እንዲያውም ከአንተ እኔ እሻላለሁ ማለት ጀምራለች።

የትኛውን ልግዛ ብለሃል። ያንተም ሞተር እንደኔው ቱ ስትሮኩ (ክራንክሻፍቱ በዞረ ቁጥር የሚያቃጥለው) ዲትሮይት 8ቪ71 ስለሆነ፣ እኔ ያስገባሁትን የአሊሰን ኩባንያ ኦቶማቲክ ካምቢዮ፣ ኤችቲ740ን እመክርሃለሁ። ባለ 4 ማርሽ ነው፤ አራተኛው ቀጥታ ነው፣ አንድ ለአንድ፤ ሞተሩ አንዴ ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግም አንዴ ይዞራል። ኮምፒውተር የለውም፤ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ነዳጅ ምን ያህል እንደረገጥክ የሚነግረው ሞዱሌተር የሚባል ነገር አለ። የእሱ ገመድ በደንብ ካልተስተካከለ ማርሽ ያለጊዜው ይቀይራል፤ እሱን ለማስተካከል ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ከባድ አይደለም።

ባለ 6 ማርሹ የአሊሰን ካምቢዮ፣ ቢ500 ይሻላል የሚሉህ ሰዎች አይጠፉም። ካምቢዮው ግሩም ነው፣ አልክድም። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ዲፈረንሻልህ 3.7 ነው እንበል፤ ማለትም ጎማው አንዴ እንዲዞር ወደ እሱ የሚገባው ዘንግ 3.7 ጊዜ ይዞራል። ጎማው በኪሎሜትር 300 ጊዜ ገደማ ይዞራል። በሰዓት 90 ስትነዳ ጎማው በደቂቃ 450 ዙር፣ ሞተሩ በቀጥታ ማርሽ 1,665 ዙር ላይ ናቸው። ቆንጆ ነው። ቢ500 ስድስተኛ ማርሹ 0.64 ስለሆነ ሞተሩን ወደ 1,065 ያወርደዋል። እዚያ ላይ ቱ ስትሮክ ሞተር ያጣጥራል እንጂ አይጎትትም። ወይ ዲፈረንሻሉን ትለውጣለህ፣ ወይ አምስተኛና ስድስተኛን በኮምፒውተሩ ታስዘጋለህ። ካስዘጋህ ደግሞ ውድ ባለ 4 ማርሽ ገዛህ ማለት ነው!

መግጠሙ ላይ ብዙ አላሰለችህም። ፍሪሲዮኑና ከባዱ ፍላይዊል ይወጣሉ፤ በቦታቸው ስስ የብረት ሰሌዳ ይገባና ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው) እሱ ላይ ይታሰራል። እዚህ ላይ ግን ቆመህ እይ። ካምቢዮው ወደ ሞተሩ ሲጠጋ የሁለቱ ፊት በእጅ ግፊት ብቻ ገጥሞ መዘጋት አለበት። ጣት የማያስገባ ክፍተት እንኳን ቢቀር፣ «ቡሎኑ ይስበዋል» የሚል መካኒክ ካለ ቁልፉን ቀማው። በቡሎን ከተሳበ ግፊቱ ክራንክሻፍቱ ላይ ያርፋል፣ ዳር መያዣ ብሮንዚናውን ይበላዋል። ካርዳኑም (ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ዘንግ) ያጥራል ወይም ይረዝማል። የእኛ ካርዳን ድሮም አጭር ስለሆነ አንግሉ ከከፋ ክሮቸራው (የካርዳኑ ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) አይበረክትም፤ ሳትቆርጥ በፊት ለካ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሙቀቱ። ፍሪሲዮን ከተያዘ ተያዘ ነው፤ የሚያባክነው ኃይል የለም። ኮንቨርተር ግን በዘይት ነው የሚገፋው። ሎክአፑ (ኮንቨርተሩን ቆልፎ ሞተሩንና ካምቢዮውን በቀጥታ የሚያያይዘው) እስኪይዝ ድረስ ይንሸራተታል፣ የተንሸራተተው ሁሉ ሙቀት ይሆናል። ሞተሩ 150 ኪሎዋት ሰጥቶ ኮንቨርተሩ 80 በመቶውን ብቻ ካሳለፈ፣ 30 ኪሎዋቱ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ይህ ሙቀት በዘይት ማቀዝቀዣው በኩል ራዲያተርህ ላይ ይጨመራል፤ በራሱ ሞተር ሙቀት ላይ። የቱ ስትሮክ ራዲያተር ደግሞ ድሮም ትርፍ አቅም የለውም።

ስለዚህ የካምቢዮ ዘይት ሙቀት መለኪያ ፊት ለፊትህ ይገጠም። መንገድ ላይ ታየዋለህ፦ ዳገቱን በቀስታ ስትያያዘው ቀስቱ ይነሳል፣ ሎክአፑ ሲይዝ ሞተሩ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቀስቱም መውረድ ይጀምራል። ወደ 120 ዲግሪ ከተጠጋ ዳገቱን ተወው። ዳር ያዝ፣ ዜሮ ማርሽ ላይ አድርግና ሞተሩን ከፍ አድርገህ አሽከርክረው። ማጥፋት የለም፤ ካጠፋኸው ዘይቱም ውሃውም ይቆማል። ዳገት ላይ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦ ከመንቀርፈፍ ማርሽ ቀንሶ ሎክአፑን ማስያዝ ይሻላል። ኦቶማቲክ ነው ብለህ እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥም።

የማልወድለትም አለ። ነዳጅ ትንሽ ይጨምራል። ቁልቁለት ላይ የሞተር ፍሬን የሚይዝህ ሎክአፑ እስከያዘ ብቻ ነው። ባትሪ ሲሞት ገፍቶ ማስነሳት ቀረ። ከተበላሸ ደግሞ ካርዳኑን ሳትፈታ እንዳታስጎትተው! የካምቢዮውን ፓምፕ የሚያዞረው ሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ከዞረ ውስጡ ያለ ዘይት ይፋጫል። «ፒ» የሚባል፣ ሲቆም ጎማውን የሚቆልፍ ቦታም ስለሌለው የእጅ ፍሬንህ ጤነኛ ይሁን።

በል አሁን ሥራ ልስጥህ። ከሞተሩ ጀርባ እስከ ዲፈረንሻሉ ያለውን ርቀት ለክተህ ላክልኝ። ዲፈረንሻሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥርም ፎቶ አንሳው። ራዲያተሩ መቼ እንደታጠበም ንገረኝ። ከተቻለ ካምቢዮውን ለብቻው አትግዛ፤ ካረጀ አውቶቡስ ላይ ከነማቀዝቀዣው፣ ከነሰሌዳው፣ ከነገመዱ የሚፈታ ፈልግ። ትንንሹን ዕቃ ለየብቻ ስትለቅም ነው ገንዘቡ የሚያልቀው።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ይህን ደብዳቤ ግን አታሳያት፤ አንተ ሳትወስን ታስገዛሃለች።

ያንተው ወዳጅ