«እግሩን ማን አጠበው?» ላላችሁኝ

ባለፈው ቅዳሜና እሁድ እዚሁ ሐዋሳ፣ በአንድ ወዳጄ ካፌ ግቢ ውስጥ የመጀመሪያ የፎቶ ኤግዚቢሽኔን አሳየሁ። ሰው መጣ፣ አየ፣ አንዳንዱም ገዛ። እንቅልፌን ገና አልጠገብኩም። ምስጋናዬን ግን «አሪፍ ነው!» ካሉኝ ጓደኞቼ አልጀምርም፣ አትቀየሙኝ፤ የምጀምረው ስህተቴን ፊት ለፊት ከነገራችሁኝ ከእናንተ ነው።

ከሦስት ወር በፊት 60 ፎቶ አሳትሜ፣ ማኪያቶ ጋብዤ ጠረጴዛ ላይ ስዘረጋላችሁ፣ እውነቱን ለመናገር የፈለግኩት ጭብጨባ ነበር። እናንተ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን በጀርባው ገለበጣችሁት። ደሜ ፈላ። የማኪያቶውን ሂሳብ ራሱ ስከፍል ቆጨኝ።

ጉሬዛዬን አይታችሁ «ጭራው የታለ?» አላችሁ። ጭራው አለ፣ ግን ነጩ ጸጉር ብርሃን በዝቶበት ከሰማዩ ጋር አንድ ሆኗል። ካሜራው ያን ሁሉ ጥቁር ጸጉር ሲያይ ጨለማ መስሎት ብርሃን ጨምሯል፣ እኔም አምኜዋለሁ። ኤክስፖዠሩን አንድ ስቶፕ ቀንሰህ፣ ማለትም ብርሃኑን በግማሽ አሳንሰህ ሞክር አላችሁኝ። በሩ ላይ የተሰቀለው ያ ነው። «ቆመህ ቁልቁል አታንሳ፣ ተኛ» ያለኝ ወንድሜም ይመስገን፤ ሐይቁ ዳር ጭቃ ላይ በሆዴ ተኝቼ ስመጣ እናቴ ምን እንዳለች ግን አልነግርህም።

ከሁሉም አንጀቴን የበላኝ ትልቁ ወፍ፣ አባ ኮዳው ነው። እግሩ ላይ ያለው ነጭ ነገር ቆሻሻ መስሎኝ ኮምፒውተር ላይ አንድ ማታ ሙሉ ሳጸዳው አደርኩ። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ጀልባ የሚቀዝፉት ጋሼ አንዴ አዩትና «እግሩን ማን አጠበው?» አሉ። ሁላችሁም በሳቅ ፈረሳችሁ። ለካ ወፉ ራሱ ነው ሙቀት ሲበዛበት እግሩ ላይ ኩሱን የሚለቀው፣ ያቀዘቅዘዋል። በየቀኑ እያየሁት አላየሁትም ነበር።

አንድ ይቅርታም አለብኝ። ከእኛ በዕድሜ ታናሽ የሆነችው ልጅ የጦጣ ፎቶ ስታሳየኝ «ፊቱ ፎከስ የለውም፣ ሰርዢው» ብያት ነበር፤ እኔ የተነገረኝን በሌላ ሰው ላይ መወጣቴ መሰለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ መምጣት አቆመች። ከእናንተ አንዷ ደውላ «ምን ልታሳይ እንደፈለገች ጠይቀሃታል?» ባትለኝ ኖሮ እስካሁን ልክ ነኝ እንዳልኩ ነበር። ሄጄ ጠየቅኳት። የለስላሳ ጠርሙስ የጨበጠውን የጦጣውን እጅ ነበር ያነሳችው፣ እጁ ደግሞ ጥፍሩ ሳይቀር ጥርት ብሏል። እህቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ስለመጣሽም፣ ያን ፎቶ ከእኔዎቹ ጎን እንድሰቅለው ስለፈቀድሽም አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው የቆመው እሱ ጋ ነው፣ ትንሽ ቀንቻለሁ።

ጋሼ፣ የእርስዎ አባ ኮዳ ታትሟል፣ ከነኩሱ። ቅዳሜ ጠዋት ይዤልዎት እመጣለሁ።