ስለ እህትህ ልጅና ስለ ኖቫ

ውድ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሃል? እማማስ፣ ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝም ከተባባልን ቆየን፤ ሰበብ መደርደሩን ትተን ወደ ጉዳዩ እንግባ።

የእህትህ ልጅ ዲቪ ደርሷት ወደ እኛ ሰፈር፣ ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ልትመጣ ነው አሉ። እሰይ! ግን "ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብታ ጊዜዋን ከምታቃጥል ቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ትግባ" ብለሃል ሲሉኝ ብዕር አነሳሁ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ማለት በትንሽ ክፍያ የሁለት ዓመት ትምህርት የሚሰጥ የሕዝብ ኮሌጅ ነው፤ ኖቫ የምንለውም የሰሜን ቨርጂኒያው ነው።

የቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች አመጣጥ የሚገርም ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።) በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪን መለየት ሕገ ወጥ ነው ሲል የቨርጂኒያ ፖለቲከኞች "አብረው ከሚማሩ ትምህርት ቤቱ ይዘጋ" አሉ። የምራቸውን ነበር። ፕሪንስ ኤድዋርድ የሚባል ካውንቲ (እንደኛ ወረዳ በለው) ከ1959 እስከ 1964 የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹን ዘግቶ ተቀመጠ። ለነጮቹ የግል ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው። ከጥቁሮቹ ልጆች ብዙዎቹ እነዚያን ዓመታት ደብተር ሳይዙ አሳለፉ።

የዚያ እምቢታ አንዱ መሪ ሚልስ ጎድዊን የሚባል የቨርጂኒያ ምክር ቤት ሴናተር ነበር። ይኸው ሰውዬ በ1966 አገረ ገዥ ሆነ። ከዚያማ ለትምህርት ገንዘብ ለማግኘት ብሎ በስቴቱ ታሪክ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሽያጭ ግብር አስደነገገ። በዚያው ዓመት የኮሚዩኒቲ ኮሌጆቹ ሕግም ጸደቀ። ሰውዬው ተጸጽቶ ነው ወይስ ፋብሪካና መሥሪያ ቤት የሠለጠነ ሰው ስለጠፋባቸው? እኔ ሁለተኛው ያመዝናል ባይ ነኝ።

ሥራውን የመራው የኮሌጆቹ ሁሉ የበላይ ኃላፊ፣ የመጀመሪያው ቻንስለር ዳና ሃመል ነው። ሐሳቡ ማንም ቨርጂኒያዊ ከቤቱ እየተመላለሰ የሚማርበት ኮሌጅ በአቅራቢያው እንዲኖረው ነበር። በ1972 ኮሌጆቹ 23 ደረሱ፤ ዛሬም 23 ናቸው። አንደኛው ያንኑ ፕሪንስ ኤድዋርድን ያገለግላል።

የእኛው ኖቫ የተጀመረው በ1965 ነው፤ ያኔ ቴክኒክ ኮሌጅ ነበር። ቤይሊስ ክሮስሮድስ ላይ አንድ ሕንፃ፣ 761 ተማሪ፣ በቃ። ዛሬ ስድስት ካምፓስ አለው። ጂል ባይደን እንኳ ባሏ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ በኋላም ፕሬዚዳንት ሆኖ ሳለ እዚያው እንግሊዝኛ ታስተምር ነበር። እኛ ሐበሾችማ ሞልተንበታል። ሌሊት ፓርኪንግ ሠርቶ ጠዋት ክፍል የሚገባ ስንት አለ መሰለህ!

ዋናው ነገር ዋጋውና መሸጋገሪያው ነው። ክፍያው ከዩኒቨርሲቲ በጣም ይቀንሳል። ሁለቱን ዓመት በሚፈለገው ውጤት ከጨረሰች እንደ ጆርጅ ሜሰን ያሉት የመግቢያ ዋስትና ይሰጧታል። ዲግሪዋ ላይ የሚጻፈው የዩኒቨርሲቲው ስም ነው፤ ስለዚህ ሰው ምን ይላል ብለህ አትጨነቅ።

ችግር የለውም አልልህም። ሁለት ዓመት የሚባለው ለሚሠራ ሰው አራትም አምስትም ይሆናል፤ መንገድ ላይ የሚቀረውም ብዙ ነው። ደግሞ ዝቅ ያለውን የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት ቨርጂኒያ አንድ ዓመት መኖር አለባት። ስለዚህ እንደመጣች ሥራ ትያዝ፤ የቤት ኪራይ ውሉም መንጃ ፈቃዱም በስሟ ይሁን። ዓመቱ ሲሞላ ማስረጃ ይሆናታል።

የ12ኛ ክፍል ውጤቷንና ትራንስክሪፕቷን አስተርጉማ፣ ማኅተም አስመትታ ትምጣ። ከዚህ ሆኖ ማስላኩ መከራ ነው። ለምዝገባው እኔ ራሴ አብሬያት እሄዳለሁ። የበረራ ቀኗን ብቻ ላክልኝ።

ያንተው