ያ ነጭ ነገር ጨው ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በአዋሽ ሸለቆ ስላለው «ያልተነካ ለም መሬት»ና በመስኖ ሊለማ ስለመታሰቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ጠዋት ከቡና ጋር፣ አንዴ ማታ መነጽሬን አድርጌ። ማታ የተመለስኩት ለፎቶው ስል ነው። ከፊት ሣር፣ ከኋላ ግራር፣ መሃል ላይ ደግሞ አመዳይ የመታው የሚመስል ነጭ ነገር። ከሥሩ «ውሃ ብቻ የሚጠብቅ መሬት» የሚል ጽፋችኋል። ያ ነጭ ነገር ጨው ነው። ዝም ብሎ ውሃ ከተለቀቀበት ደግሞ ይብስበታል።

እኔ ምሁር አይደለሁም። ከአፈር ጥናት ቡድኖች ጋር ጉድጓድ ሲያስቆፍር፣ ናሙና ሲቋጥርና ላስቲክ ላይ ቁጥር ሲጽፍ የኖረ ቴክኒሻን ነኝ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ከመካከለኛው አዋሽ ከአሚባራ እስከ ታችኛው አዋሽ እስከ ዱብቲ ስንት ጉድጓድ ውስጥ እንደወረድኩ ቆጥሬ አላውቅም። ወገቤ ግን ያውቀዋል።

አንድ ነገር በትክክል ጽፋችኋል፤ አፈሩ ጥልቅ ነው። ደጋ ላይ ተዳፋት መሬት ብትቆፍሩ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሜትር ሳትሄዱ ዶማው ድንጋይ ይመታል። አዋሽ ዳር ግን ሁለት ሜትር ወርደን ጠጠር እንኳን ሳናይ የወጣንባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ይሄ ሁሉ አፈር ከየት መጣ? ከላይ ነዋ! አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከሰም፣ ቀበና፣ ሚሌ፣ ሎጊያ እየተቀላቀሉት፣ የደጋውን አፈር ተሸክሞ ይወርዳል። ባሕር ግን አይደርስም። ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ብዙ ሰው ይሄን እንደ ጂኦግራፊ ፈተና መልስ ነው የሚያውቀው። ለአፈሩ ግን ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ባሕር የሚደርስ ወንዝ ጨውን ወስዶ እዚያ ይደፋል። አዋሽ መድፊያ የለውም። ጭቃውም ጨውም ሸለቆው ውስጥ ይቀራል።

እስቲ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ላስገባችሁ። ከወንዙ ብዙም ሳንርቅ የቆፈርነው ነው። ላዩ አንድ ስንዝር ያህል ቡናማ፣ ደቃቅና ለስላሳ ነው። ከሥሩ ሁለት ጣት የማይሞላ የአሸዋ መስመር አለ፤ በእጅ ሲነኩት ይረግፋል። ቀጥሎ ድርቅ ያለ ሸክላ፣ ከዚያ እንደገና ደለል። አንድ ሜትር አለፍ ብሎ ጠቆር ያለ ንብርብር ይመጣል። ውስጡ የቀንድ አውጣ ቅርፊትና ጥፍር የምታህል ከሰል አገኘን። ያ ጥቁር መስመር ድሮ የመሬቱ ገጽ ነበር። ሣር በቅሎበታል፣ ከብት ረግጦታል፣ ምናልባትም ሰው እሳት አንድዶበታል። ከዚያ ጎርፍ መጥቶ ቀበረው።

ሌላ ቦታ አፈር ወደ ታች በሄዳችሁ ቁጥር ብስባሹ እየቀነሰ ይሄዳል። እዚህ ግን ይቀንሳል፣ ይጨምራል፣ እንደገና ይቀንሳል። ንብርብሩ ለዓይን ብቻ አይደለም። ከላይ የወረደ ውሃ ደቃቁን አፈር አልፎ አሸዋው ጋ ሲደርስ ወዲያው አይገባም፤ የላይኛው እስኪጠግብ ቆም ይላል። ሸክላ ካጋጠመው ደግሞ ላዩ ላይ ይተኛል። ሥርም እንደዚያው ነው፤ የሚያልፍበትንና የሚታጠፍበትን ግድግዳው ላይ በዓይን ታዩታላችሁ። ከላይ 20 ሴንቲ ሜትር አፍሶ «አፈሩ እንዲህ ነው» ማለት የመጽሐፍ ሽፋን ዓይቶ እንደመተረክ ነው።

ጽሑፋችሁ የጠቀሰው አንድ ናሙና ብቻ ነው። ለብዙ ሺህ ሄክታር! ጎርፍ ከወንዙ ሲወጣ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ከባዱን አሸዋ እዚያው አፋፉ ላይ ይጥላል፤ ደቃቁን ሸክላ ይዞ ይርቃል። ስለዚህ ወንዙ ዳር ያለው አፈር ቀለል ያለና ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ራቅ ስትሉ መሬቱ ዝቅ ይላል፣ አፈሩም ይከብዳል። ወንዙ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ መንገዱን ይቀይራል። አሮጌው ወንዝ የነበረበት ቦታ የአሸዋ ገመድ ሆኖ ሸክላው መሃል ተቀብሮ ይቀራል። አንድ መቶ እርምጃ ሄዳችሁ ሌላ አፈር ላይ ልትቆሙ ትችላላችሁ። ላቦራቶሪ ሳያስፈልግ በእጅ ይታወቃል። እፍኝ አፈር በውሃ አርሳችሁ እንደ ሊጥ አሹትና በጣቶቻችሁ መሃል ግፉት። ወዲያው ከተበጣጠሰ አሸዋ በዝቶታል። እንደ ጥብጣብ ረዝሞ ከወረደ ሸክላ ነው። እጃችሁን ለመታጠብ የሚፈጅባችሁም ጊዜ ራሱ መልስ ነው።

ራቅ ብሎ ያለው ጥቁር ሸክላ የራሱ ጠባይ አለው። የደጋ ገበሬ ዋልካ ወይም መረሬ የሚለውን ዓይነት ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በበጋ ስንጥቁ ውስጥ ክንዴን እስከ ክርኔ ከትቼ አውቃለሁ። የፍየል ግልገል እግሯ ገብቶ ስትጮህም ሰምቻለሁ። ጎርፉ ሲመጣ ግን ይሄ ስንጥቅ እንደ ጉሮሮ ነው፤ ውሃውን ጥልቅ ድረስ ይውጠዋል። ከዚያ አፈሩ አብጦ ይዘጋል።

እዚህ ጋ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። እንዲህ ያለ ደቃቅ ደለል በአንድ ሜትር ጥልቀት ሣር ሊጠጣው የሚችል 150 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይይዛል። ሁለት ሜትር ካለ 300 ነው። ዱብቲና አሳይታ አካባቢ የዓመቱ ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ጥሩ ጎርፍ ዓመቱን ሙሉ ከሚዘንበው በላይ መሬቱ ውስጥ ያስቀምጣል። በበጋ ዙሪያው ድንጋይና አቧራ ሆኖ ወንዙ ዳር ሣር የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

እና «ያልተነካ» ያላችሁት ይሄን መሬት ነው። የአፋር አርብቶ አደር ከርማ በሚሉት የክረምት ዝናብ ወቅት ከብቱን ይዞ ከወንዙ ይርቃል። እንደ ሃሌደጊ ወዳለ ሜዳ ይወጣል። ሜዳው ሲደርቅ ወደ አዋሽ ዳር ይመለሳል። ከወንዙ የሚርቅበት ጊዜና ጎርፉ የሚያጥለቀልቅበት ጊዜ አንድ ነው። የእናንተ ጋዜጠኛ ሰው በሌለበት ወቅት ሄዶ ባዶ መሬት አየ። ትምህርት ቤት ክረምት ላይ ሄዶ ተማሪ የለም እንደማለት ነው።

ወደ ለምነቱ ልመለስ። ጥልቅና ለም አንድ ነገር አይደሉም። የቆላ ደለል ፖታሲየም አያጥረውም። ናይትሮጅን ግን ብዙ ጊዜ ያንሰዋል፤ ሙቀቱ ብስባሹን ስለሚጨርሰው ነው። አፈሩ ላይ አሲድ ጠብ ስናደርግ እንደ ለስላሳ ይፈላል፤ ኖራ አለበት ማለት ነው። ኖራው ደግሞ የምትበትኑትን ፎስፈረስ ይዞ አይለቅም። ስለዚህ «ማዳበሪያ የማይፈልግ» የሚለውን ባትጽፉት ጥሩ ነበር።

ዋናው ግን ጨው ነው። አዋሽ ራሱ ጣፋጭ ውሃ ነው፤ ትጠጡታላችሁ። ግን በየሊትሩ ግማሽ ግራም ጨው አለበት እንበል። ለአንድ ሄክታር በአንድ ወቅት 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ ብታጠጡ 50 ኩንታል ጨው እርሻችሁ ላይ አራገፋችሁ ማለት ነው። ውሃው ይተናል፤ ጨው አይተንም። መልካ ወረር አካባቢ ዝናቡ በዓመት ወደ 500 ሚሊ ሜትር ነው። ፀሐዩና ነፋሱ ሊያተኑ የሚችሉት ግን ከ2,000 በላይ ነው። ይሄን ጨው አጥቦ ወደ ታች የሚያወርድ ዝናብ የለም። ከዚያ ከፍ ብሎ መተሐራ አጠገብ ደግሞ በሰቃ ሐይቅ አለ። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ጨዋማ ሐይቅ ከ40 በላይ ሆኗል። ውሃው እየተመጠነ አዋሽ ውስጥ ይለቀቃል።

ከላይ የሚጨመረው ይሄ ነው። ከታች የሚመጣው ግን የበለጠ ያስፈራኛል። አንድ የጥጥ እርሻ ነበር፤ ስሙ ይቅር። መጀመሪያ ስንሄድ ጥጡ ደረት ይደርስ ነበር። ሥራችን የከርሰ ምድር ውሃ መለካት ነበር። መሬት ውስጥ የተቀበረ ቱቦ አለ፤ ገመድ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብደት ታስሮ ይወርዳል። ውሃውን ሲነካ «ጧ» ይላል። መጀመሪያ ገመዱ ወርዶ ወርዶ ነበር የሚነካው። በየዓመቱ ስንመለስ «ጧ» የምትለው ድምፅ ቶሎ ትሰማለች። ቦዩ ያለ ልክ ያጠጣል፤ ትርፉን የሚያስወጣ ማንጠፍጠፊያ ቦይ የለም፤ ትርፉ ውሃ ወደ ታች ሰርጎ ይጠራቀማል። አንድ ሜትር ተኩል ላይ ሲደርስ ደቃቁ አፈር እንደ ፋኖስ ክር ወደ ላይ ይስበው ጀመር። ውሃው ላይ ደርሶ ይተናል፤ ጨው ይቀራል። ከዚያ ያ አመዳይ ታየ። ኃላፊው «ውሃ አንሶት ነው» ብሎ ተጨማሪ ውሃ አስለቀቀ። ሪፖርት ጻፍን። መሳቢያ ውስጥ ገባ። መልካ ሰዲ ላይ ሙዝና ጥጥ የነበረበት መሬት በዚሁ መንገድ ነው የተጎዳው። አሚባራ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

ጽሑፋችሁ በቆሎና ሽንኩርት እንደታሰበ ይናገራል። የአፈር ጨው የሚለካው በዴሲሲመንስ በሜትር ነው፤ ከ4 በላይ ከሆነ ጨዋማ ይባላል። ጥጥ እስከ 7.7፣ ስንዴ እስከ 6 ምርት ሳይቀንስ ይችላሉ። በቆሎ 1.7 ላይ መቀነስ ይጀምራል፣ ሽንኩርት 1.2 ላይ። ከሁሉ መርጠው ሽንኩርት!

«ታጥቦ ይወጣል» የሚል አይጠፋም። አንዳንዱ ይወጣል። ሶዲየም የበዛበት አፈር ግን ዝም ብሎ ሲታጠብ ሌላ ችግር ያመጣል። ጨው ይሄድና ሶዲየሙ ሸክላው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሸክላው ተበትኖ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል። ሲረጥብ እንደ ቅባት ያንሸራትታል፣ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይሆናል። ውሃ ላዩ ላይ ቀናት ይቆማል። ያኔ ካልሲየም ያስፈልጋል፤ የተለመደው ጂፕሰም ነው። የታጠበው ውሃ የሚወጣበት ማንጠፍጠፊያም ያስፈልጋል። ሁለቱም ገንዘብ ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲታወጅ ግን ማንም አያነሳቸውም።

የጥልቀቱ ሌላ ተጠቃሚ ፕሮሶፒስ የሚባለው ከውጭ የመጣ እሾሃማ ዛፍ ነው፤ አፋሮች ደርጊ ሃራ የሚሉት፣ የደርግ ዛፍ። ሥሩ ከሣር ሥር በጣም ርቆ ይወርዳል። ያ ሁለት ሜትር አፈር ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ለሣሩ ሳይሆን ለሱ ሆነ። ታርሶ የተተወ መሬት ላይ መጀመሪያ የሚገባው እሱ ነው። ይሄ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል።

አንድ ጊዜ ጉድጓድ ስናስቆፍር አንድ የአፋር ሽማግሌ ግመሎቻቸውን ይዘው መጡ። ትንሽ ቆመው አዩንና «ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» አሉ በልጃቸው አስተርጓሚነት። አፈሩን ልናውቅ ነው አልናቸው። ሳቁ። ከዚያ በበትራቸው እየጠቆሙ ወሰዱን። እዚህ ሣሩ ቶሎ ይደርቃል፤ እዚያ ውሃ ይቆያል፤ እዚያ ጋ ደግሞ ፍየሎቹ መሬቱን ይልሳሉ። ሦስቱንም ቦታ ናሙና ወሰድን። ከላቦራቶሪ ውጤቱ ሲመጣ ፍየሎቹ የሚልሱበት ቦታ ጨው ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

መስኖ አይሠራ እያልኩ አይደለም። በዚያ ሸለቆ ጥሩ ስንዴ ሲታጨድ አይቻለሁ፣ ደስ ብሎኛልም። ግን ሄክታር በተቆጠረ ቁጥር ሦስት ጥያቄ ጠይቁልን። የከርሰ ምድር ውሃው ስንት ሜትር ላይ ነው? በየስንት ሜትር ርቀት ጉድጓድ ተቆፈረ? ከማንጠፍጠፊያው የሚወጣው ጨዋማ ውሃስ የት ይደፋል? ተመልሶ አዋሽ ውስጥ ከሆነ ከታች ዱብቲና አሳይታ አለ፤ እነሱም ከብት አላቸው፣ እነሱም ያጠጣሉ።

ፎቶውን ደግሞ መልሳችሁ ብታትሙት ደስ ይለኛል። ከሥሩ የተጻፈው ብቻ ይስተካከል።

ከሰላምታ ጋር
ጡረተኛ የአፈር ጥናት ቴክኒሻን