ይድረስ ለደቡብ ወሎ ዞን ጤና መምሪያ፦ «ጨው ቀንሱ» ብቻ አልያዘልንም

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ነገሩ የአክስቴ የደም ግፊት ነው፤ ግን ጎረቤቱ ሁሉ እንደሷ ስለሆነ በአደባባይ ላወራው ወደድኩ።

ባለፈው ዓመት ራሷን ሲያማት ሰነበተና አንድ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ግፊቷ 160 በ100 ሆኖ ተገኘ። ኪኒን ታዘዘላት፣ «እማማ፣ ጨው ይቀንሱ» ተባለች፣ ቀጣዩ ተጠራ። አለቀ። በወሩ ራስ ምታቱ ሲተዋት ኪኒኑንም ተወችው። ምነው ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ደም ብዛት ነው ያሉኝ። በዝቶ ነበር፣ ቀነሰ። ከዚህ በላይ ከቀነሰማ ምን ደም ይተርፈኛል?»

ሳቄ መጣ፤ ቆይቶ ግን ጨነቀኝ። ስሙ ራሱ ነው ያሳሳታት። ደም ብዛት ሲባል ደሙ የበዛ ይመስላል፤ ሰፈራችን ውስጥ ቀጭን ሰው አይዘውም የሚሉም አሉ። በሽታው ግን ደሙ የደም ሥሩን የሚገፋበት ጉልበት መብዛቱ ነው። ብዙውን ጊዜ አያምም። ራስ ምታት ጠፋ ማለት ግፊቱ ወረደ ማለት አይደለም። ሳይታወቅ ቆይቶ በስትሮክ፣ በልብ ወይም በኩላሊት ይመጣል። ይህን የነገራት ሰው የለም።

ወደ ጨው ልምጣ። አክስቴ «ቀንሻለሁ» ስትል አትዋሽም። ወጥ ላይ የምትጨምረው በእርግጥ ቀንሷል። ግን በርበሬ ስታስፈጭ አጠገቧ ነበርኩ። ለአምስት ኪሎ በርበሬ አንድ ኪሎ ጨው፣ «እንዳይነቅዝብኝ» ብላ። ከነቅመሙ ሰባት ኪሎ ግድም ሆነ። ስለዚህ ለአንድ ድስት ወጥ የሚገባው አንድ ሲኒ በርበሬ 35 ግራም ቢመዝን 5 ግራሙ ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከዚህ ያነሰ ይሁን ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ድስቱን አራት ሰው እንደሚበላው አይጠፋኝም። ግን ወጡ ገና ጨው ሳይነካው ነው ይሄ ሁሉ። ሽሮውም ጨው አለው፣ ቋንጣውም አለው።

ቡናውስ? የኛን አገር ቡና ታውቁታላችሁ። ጨው ጣል ካልተደረገበት ቡና መሆኑም ያጠራጥረናል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ጠዋትና ማታ ይደገማል። ማንም ግን «ጨው በላሁ» ብሎ አይቆጥረውም፤ ጠጣ እንጂ! እንደ አገር ያለንበትንም ታውቁታላችሁ። በ2015 እ.ኤ.አ. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት አንድ አዋቂ በአማካይ በቀን 8.3 ግራም ጨው ይወስዳል።

ሌላም አለ። የፓኬት ጨው ነው የሚጎዳው ብለው ወደ ድንጋዩ ጨው የዞሩ ሰዎች አውቃለሁ። ለግፊቱ ያው ጨው ነው፤ አዮዲኑ ብቻ ይቀርባቸዋል። አዮዲን ሲጎድል የሚመጣውን እንቅርት ያየ አገር ወደዚያ መመለስ የለበትም። መልእክቱ ሲነገር ይህም አብሮ ይነገር፦ ጨው የተባለው አዮዲን ያለበት ይሁን፣ ግን ትንሽ።

የምጠይቃችሁ ብዙ በጀት የሚበላ ነገር አይደለም። ሽንት ቤት እንድንቆፍር ቤት ለቤት ዞረው ያሳመኑን የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች አሉ። እነሱ የሻይ ማንኪያና የግፊት መለኪያ ይዘው ቡና ላይ ይቀመጡ። ወረቀት ከመለጠፍ ይሄ ይሻላል፤ የኛ ሰው ወሬ የሚሰማው ቡና ላይ ነው። በርበሬ ያለ ጨው ይፈጭ፣ ጨው ወጥ ሊወርድ ሲል ይግባ ብለው እያሳዩ ይንገሩ። ማሳየቱ ለሚያበስለው ሰው ይሁን፤ ለታማሚው ብቻ ተነግሮ ምን ዋጋ አለው? ጤና ጣቢያ ላይ ደግሞ ኪኒን የሚሰጠው ባለሙያ «ቢሻልዎትም ሳይነግሩን አያቁሙ» የምትለዋን አንድ ዓረፍተ ነገር አይዝለላት።

አክስቴ አሁን ኪኒኗን ጀምራለች፣ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ። ቡናው ላይ ግን ገና አልተስማማንም። «ኤክስቴንሽኗ ትምጣና ሁለት ጀበና እጥዳለሁ» ብላለች፤ አንዱ በጨው፣ አንዱ በጤና አዳም። የቱ እንደሚጣፍጥ እሷው ትፍረድ ትላለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደሴ ነዋሪ